ከፒያሳ እስከ ሐረር፦ ስድስት ቀን በፑል ቤቶች መንገድ

ቀን 1፦ አዲስ አበባ

ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከሥጋ ቤቱና ከቡና ቤቱ ጋር ፑል ቤቶቹም አብረው ሄዱ። በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ፑል ቤት ሌላ ሰፈር ሊከፈት ይችላል፤ ጠረጴዛው ተፈቶ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ኳሱ በማዳበሪያ ከረጢት ይሄዳል። የማይጫነው ዘመም ያለው የቤቱ ወለልና ያንን ወለል በክንዱ የሚያውቀው ተጫዋች ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱን ተጫዋች ያሳድጋል፤ ቤቱ ሲዘጋ ሰውየው ቢኖርም አጨዋወቱ ያልቃል። ይህ ማስታወሻ የተያዘው ለዚህ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር፣ እስከ ድሬዳዋ የአሮጌውን ባቡር መስመር ተከትሎ፣ በየቤቱ ጠረጴዛው ምን እንደሚመስልና ማን ምን ዓይነት ምት እንደተማረበት ለመመዝገብ።

የተያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ልክ፣ ካሊፐር፣ የወርቅ ቤት ትንሽ ሚዛን፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ምላጭ፣ ንጹሕ የማር ሰም፣ አንድ ጣሳ ማስቲሽ፣ አንድ የካርታ ጥቅል። ካርታው ለጨዋታ አይደለም፤ ከጠረጴዛ ሥር የሚገባ ስስ ሽብልቅ እንደ አሮጌ ካርታ የሚሆን አይገኝም።

የመጀመሪያው ቀን ለከረንቡላ ነበር። ወጣቱ ፑል ከማለቱ በፊት አባቶቹ የሚሉት ከረንቡላ ነው። ጠረጴዛው ጉድጓድ የለውም። ትልቁ የመጫወቻ ሜዳ 2.84 በ1.42 ሜትር ነው፤ ኳሶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ከፑል ኳስም ይተልቃሉ፤ የፑሉ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን የከረንቡላው 61 ሚሊ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ጨዋታው ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣ ነውና ዱላውም በእነሱ ቋንቋ ስቴካ ነው፤ አሥር ፓኬት ሲጋራ የያዘውን ካርቶን ስቴካ የምንለውም ከዚሁ ቃል ነው።

በጣሊያኑ ደንብ መሃል ሜዳ ላይ አምስት ትንንሽ ችካሎች በመስቀል ቅርጽ ይቆማሉ፤ አራቱ ነጭ፣ የመሃሉ ቀይ። በራስህ ኳስ የተጋጣሚህን ኳስ ትመታለህ፣ ችካሉን መጣል ያለባት የእሱ ኳስ ናት። ነጩ ሁለት፣ ቀዩ ከነጭ ጋር ሲወድቅ አራት ነጥብ ነው። የራስህ ኳስ ችካል ከጣለች ነጥቡ ለተጋጣሚህ ይሄዳል። ጀማሪ የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፤ የተጋጣሚውን ኳስ አሳምሮ ልኮ የራሱ ከኋላ ተከትላ ሄዳ ችካሉ ውስጥ ትገባለች። መድኃኒቱ ኳሷን ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መምታት ነው፤ ከተጋጨች በኋላ በቦታዋ ትቆማለች። ዝቅ ማለቱ ግን በርቀቱ ይለያያል፤ ኳሶቹ ሁለት ስንዝር ሲራራቁ ከመሃል ጥቂት ዝቅ ማለት ይበቃል፣ ሜዳው ሙሉ ሲሆን ግን ከታች ጠንከር ብሎ መመታት አለበት፤ አለዚያ የኋሊት ሽክርክሪቱ መንገድ ላይ ያልቅና ኳሷ እየተንከባለለች ትደርሳለች።

የለገሃርና የፒያሳ ሽማግሌ ከረንቡላ ተጫዋች በአንድ ነገር ይታወቃል። ከመምታቱ በፊት ጠረጴዛውን ይዞራል፣ ከማዶ ጎንበስ ብሎ የጠርዙን ጎማ ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ሳይቸኩል ይመታል። የሚያየው ኳሷ ነጥራ የምትሄድበትን ማዕዘን ነው። ክረምት ሲገባ ጨርቁ እርጥበት ይጠጣል፤ ሦስት ጠርዝ መንካት ያለባት ኳስ ጉልበቷ ያልቅና ማዕዘኗም ይጠባል። በአውሮፓ የውድድር ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ይህን እርጥበት ለማባረር ነው። እዚህ ማሞቂያ አልነበረምና ተጫዋቹ ራሱ የሐምሌን ሜዳና የኅዳርን ሜዳ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ በሐምሌ ጠርዙ ላይ የሚያነጣጥርበትን ነጥብ ወደፊት ይገፋል። ይህ ዕውቀት የትም አልተጻፈም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈው ከጎን ቆሞ በማየት ነው።

ቀን 2፦ አዳማ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፈጣኑ መንገድ ተወጣ፣ አዳማ ከቡና ሰዓት በፊት ተደረሰ። አዳማ የነፋስ ከተማ ነው፤ ነፋሱ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጨው ሁሉ ለፑል ቤቶችም አቧራ ያመላልሳል። አብዛኛው ጠረጴዛ ያለው በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በሦስት ጎን ሸራ በተጋረደ ቦታ ነው።

እዚህ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ስምንት ጫማ የሚባለው ነው፤ መጫወቻው 2.24 በ1.12 ሜትር። ከውጭ የመጣው ሲሆን ከጨርቁ ሥር ሦስት የድንጋይ ሰሌዳ ተጋጥሞ ተኝቷል፤ ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን ድንጋዩ ብቻ 200 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። እዚሁ የተሠራው ደግሞ ወይ እብነ በረድ ወይ ቺፕውድ ነው። እንግዳ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ይለየዋል፤ ኳስ ከጣት ከፍታ ላይ ጣል ቢያደርግ ድንጋዩ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ቺፕውዱ እንደ ከበሮ ይመልሳል።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ወደ ምሥራቅ ያዘነብል ነበር። ውሃ ልኩ ላይ አረፋዋ ከመስመሩ ወጥታለች፤ ግን የአናጢ ውሃ ልክ ለፑል ጠረጴዛ አይበቃም፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር አያሳይህም። የሚያሳይህ ኳሱ ራሱ ነው። ጥሩ ኳስ መርጠህ፣ ከአንዱ አጭር ጠርዝ ወደ ሌላው፣ ልክ ማዶ ደርሳ እንድትቆም አድርገህ በዝግታ ትለቃታለህ። ዓይንህ መጨረሻው ሁለት ስንዝር ላይ ይሁን፤ ኳስ ፍጥነት ሲኖራት ዝንባሌን ትሸፍናለች፣ ሳትቆም በፊት ግን ትናገራለች። በሦስት መስመር፣ ሁለቱን ጎንና መሃሉን፣ ሄዶ መልስ መፈተሽ ያስፈልጋል። ኳሷ ስትሄድም ስትመለስም ወደ አንድ ጎን ከሸሸች ጠረጴዛው ነው ያዘነበለው። አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ከሄደች ጥፋቱ ከኳሷ ነው፤ ክብነቷን አጥታለች።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ከእግሩ ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት መሆን አለበት፤ የተጣጠፈ ካርቶን በሳምንት ውስጥ ይሟሽሽና ዝንባሌው ተመልሶ ይመጣል። ድንጋዩ ከማዕቀፉ በላይ የሚስተካከለው በካርታ ነው፤ አንድ ካርታ ከሩብ እስከ ሲሶ ሚሊ ሜትር ያነሣል። የተለመደው ስህተት አንዱን ጥግ ብቻ ማንሣት ነው። አንዱ ጥግ ሲነሣ በሰያፍ ያለው ጥግ ይወርዳልና፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከጥግ ወደ ጥግ ሲሮጥ ይውላል። መሃሉን ድንጋይ ቀድሞ ማስተካከልና ሁለቱን የጎን ድንጋዮች ከእሱ ጋር ማመሳሰል ይሻላል።

የቤቱ ባለቤት ግን ጠረጴዛው እንዲስተካከል አልፈለገም፤ ምክንያቱ ተጫዋቾቹ ነበሩ። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለውን ሜዳ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጥቁሯን ኳስ፣ መጨረሻ የምትገባዋን፣ በረጅሙ ጎን፣ ከጠርዙ አራት ጣት አርቆ፣ ወደ ምንም የምትሄድ እስክትመስል በቀስታ ሰደዳት። ኳሷ ሜዳውን አጋምሳ ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ ፍጥነቷ ሲሞት መታጠፍ ጀመረች፣ ጠርዙን ተጠጋች፣ ሳትነካው ጥጉ ላይ ደረሰችና አፉ ላይ አንድ ጊዜ ተንገዳግዳ ወደቀች። ከጎን የቆሙት አልተገረሙም። ይህን ምት ለመማር ወራት ይፈጃል፤ ጠረጴዛው ውሃ ልክ ቢሆን በማግስቱ ዋጋ ያጣል። በእንዲህ ያለ ቤት እንግዳ ጠንክሮ ቢመታ ይሻለዋል፤ ፈጣን ኳስ ዝንባሌ አታውቅም።

ደንብ ከቤት ቤት ይለያያልና ዱላ ከመያዝህ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበጃል፦ ነጯ፣ በዱላ የምትመታዋ ኳስ፣ ጉድጓድ ስትገባ ቅጣቱ ሁለት ምት ነው ወይስ ኳሷን በእጅ አንሥቶ እንደልብ ማስቀመጥ? ጥቁሯ የምትገባበት ጉድጓድ ቀድሞ ይነገራል? በመጀመሪያው ምት ጥቁሯ ብትገባ ማን ያሸንፋል? ተሸናፊ ከፋይ መሆኑ ግን የትም አንድ ነው፤ አሸናፊ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል፣ ተራ የያዘ ይገባል።

አቧራውን በተመለከተ፦ ጨርቅ በእጅ አይራገፍም፣ በእርጥብ ጨርቅም አይወለወልም። በብሩሽ፣ ከመነሻው ወደ ኳስ መደርደሪያው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ወዲያና ወዲህ ከተቦረሸ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዝግተኛዋ ኳስ ያለ ምክንያት ትወላገዳለች። የአዳማ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ካልተነሣ ኳሱንም ጨርቁንም ይበላል።

ቀን 3፦ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ከአዳማ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሮጌው ባቡር በደጉ ዘመን ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው እዚህ ያድር ነበር፤ ቡፌ የሚባለው የባቡሩ ማደሪያና ምግብ ቤት የተሠራው ለዚሁ ነው። ዛሬ የሚያድረው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ፑል ቤቱም የእሱ ነው። ለአንድ ሌሊት ብቻ ስለሚቆይ የቤቱን ጠረጴዛ አይማርም፤ ሁሉንም ኳስ በኃይል ይመታል። የጠርዙ ጎማ በአዋሽ ቶሎ የሚያልቀው በዚህና በሙቀቱ ነው።

አዋሽ ላይ የሚነገረው የዱላው ነገር ነው። ዱላ ግድግዳ ላይ ዘመም ብሎ ተደግፎ ከዋለ በሙቀቱ ይጎብጣል። ለመፈተሽ ጠረጴዛው ላይ ታንከባልለዋለህ፤ ጫፉ ከጨርቁ እየተነሣ እየወረደ ከሄደ ጎብጧል። የጎበጠ ዱላ በእሳት አይቃናም፣ ለጥቂት ቀን የቀና ይመስልና ይመለሳል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ወይም ከጫፉ ተንጠልጥሎ ማደር አለበት።

ሁለተኛው የጫፉ ቆዳ ነው። የፑል ዱላ ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ቆዳው ሲያልቅ ከጫማ ሰፊ የሶል ቆዳ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ ይህ መጥፎ አይደለም። ግን ያልተጠቀጠቀ ቆዳ በሁለት ቀን እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን ይዘረጋል። ከመለጠፉ በፊት በሞርሳ ተጠብቆ ማደር አለበት። ከዚያ የቆዳውም የዱላውም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ማስቲሹ በሁለቱም ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል፣ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ማስቲሽ እርጥብ እያለ ከተገጠመ ውስጡ አይደርቅም፣ በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ቆዳው ተፈናጥሮ ይሄዳል። ጣት ሲነካው የሚጣበቅ፣ ግን የማይከተል ሲሆን ነው የሚጫነው። ከደረቀ በኋላ ዱላው ተገልብጦ፣ ቆዳው ጣውላ ላይ አርፎ፣ ትርፉ በምላጭ ይቆረጣል፤ ፊቱም በትንሹ ጉብታ ይወጣለታል። ጠፍጣፋ ጫፍ ቾክ አይዝም፣ ከመሃል ወጣ ብለህ ስትመታ ይንሸራተታል።

ቀን 4፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ቀኑን ይፈጃል። በሚኤሶ፣ በአሰበ ተፈሪ፣ በቁልቢ አድርጎ ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀመር ሙቀቱ ከታች ይቀበላል። ጠረጴዛ በዚህ መንገድ ጭኖ የሚወርድ ሰው ድንጋዮቹን አጋድሞ አይጫን፤ በጠርዛቸው ቆመው፣ በመካከላቸው ፍራሽ ገብቶ፣ እንደ መስታወት ነው የሚታሰሩት። ተጋድሞ የተጫነ ድንጋይ በአንድ ጉድጓድ ይሰበራል።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909። ከተማዋ ከባቡሩ ጋር ተወለደች፣ ከዚራም የሸመንደፈር ሠራተኛ ሰፈር ሆነ። ባቡር ባለበት ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ አለ፣ ወርክሾፕ ባለበት ቶርኖ አለ፣ ቶርኖ ባለበት ደግሞ የተሰበረ ዕቃ አይጣልም። የዱላው ጫፍ ላይ የምትገባው ቀለበት፣ የጠርዙ ብሎን፣ የእግሩ ማስተካከያ ጠምዛዥ፣ ሁሉም ተለክቶ ሊወጣ ይችላል። የናስ ቀለበት ግን ዱላውን ከፊት ያከብደዋል፤ የለመደው ሰው ይወደዋል፣ ያልለመደው ምቱ ሁሉ አጭር ይሆንበታል።

የባቡር ሠራተኛ ተጫዋች ከሌላው የሚለየው በልኬት አክባሪነቱ ነው። በሽፍት ስለሚሠራ ፑል ቤት የሚገባበት ሰዓት ይታወቅ ነበር፤ ሲገባ መጀመሪያ ጠርዙን በመዳፉ ይጫናል፣ ከዚያ ኳሶቹን ይደረድራል። ኳስ ሲደረደር አሥራ አምስቱም መነካካት አለባቸው። አንዷ እንኳ የወረቀት ያህል ከራቀች የመጀመሪያው ምት ኃይል እዚያ ይጠፋል፣ ኳሶቹ ተከማችተው ይቀራሉ። ጨርቁ ላይ ከመደርደር ብዛት ትንሽ ጎድጓዳ ስለሚሆን ኳሶቹ ወደዚያ ይንሸራተታሉና፣ ሦስት ማዕዘኑን ከማንሣት በፊት ከኋላ በጣት ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን በጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው ድሮ ባቡር ቤት ይሠራ እንደነበር ሳይጠየቅ ይታወቃል ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር ቆሟል፤ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው የአዲሱ ባቡር ጣቢያም ከከተማ ውጪ ነው። የሽፍት ሰዓት የሚያመጣው ተጫዋች አሁን የለም።

ድሬዳዋ ላይ ማንም ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ፑል ቤት አይገኝም። ሙቀቱም በርጫውም ነው። የጠርዙ ጎማ በዚያ ሰዓት ሲነካ እንደ ሊጥ ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ሜዳው ሌላ ይሆናል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጨርቁ ፈጣን ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ተጫዋች ነጯን በለመደው ጉልበት ይልካትና ሁለት ስንዝር አልፋ ትቆምበታለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ለጉልበት ልኬት ብቻ መክፈል አይቀርም።

የጎማው ከፍታ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ሕግ አለው፦ ኳሷን የሚነካው አፍንጫ ከጨርቁ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ መሆን አለበት፣ የኳሷ ቁመት ሁለት ሦስተኛ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ አሮጌው ጎማ በመኪና የውስጥ ጎማ ድርብርብ ተተክቷል። በካሊፐር ሲለካ 32 ነበር። አፍንጫው ዝቅ ሲል ኳስ ጠንክራ ስትመጣ ወደ ላይ ትዘላለች፤ ከፍ ሲል ደግሞ ኳሷን ወደ ጨርቁ ይጫናታል፣ ሞታ ትመለሳለች። የዚህ ቤት ተጫዋቾች ታዲያ ጠርዝ አስነክቶ ማስገባት የሚባል ምት የላቸውም። የማያምኑትን ጠርዝ ትተው በቀጥታ ምት የሰሉ ናቸው፤ ሜዳውን ሙሉ አቋርጠው ቀጭን ኳስ ሲቆርጡ በመንገዱ ሁሉ የሚተካከላቸው አልታየም።

ቀን 5፦ ድሬዳዋ፣ መጋላ

ደጫቱን ተሻግሮ መጋላ ነው። በጋውን አሸዋ ብቻ የሆነው ይህ ወንዝ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። በዚያ ሐዘን ውስጥ የፑል ጠረጴዛ ነገር የሚነሣ አይደለም፤ ግን ውሃ የገባበት ጠረጴዛ ምን እንደሚሆን የወንዙ ዳር ሰዎች አሳምረው ያውቃሉ። ቺፕውድ ውሃ ከጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሜዳው ላይ ጉብታ ይቀራል፣ መፍትሔም የለውም። ድንጋዩ ታጥቦ ደርቆ ይተርፋል። ጨርቁ ከሱፍ ከሆነ ይሸበሸባል፣ ይጣላል። የጠርዙ እንጨት በጥላ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ በክብደት ተጭኖ ከደረቀ ይድናል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጣመማል።

መጋላ ላይ ቀኑ ያለቀው ኳስ በመመዘን ነው። ሕጋዊው የፑል ኳስ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። በአንዱ ቤት ነጯ 149 ግራም ሆነች፣ የቀሩት ከ160 በላይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነጯ በእያንዳንዱ ምት ትመታለች፣ ከሁሉ ቀድማ ታልቃለች፣ ስትጠፋም ከሌላ ስብስብ በመጣች ትተካለች። ቀላል ነጭ ከከባድ ኳስ ጋር ስትጋጭ ወደ ኋላ መመለሷ ይቀላል፣ ተከትሎ መሄዱ ግን ይከብዳታል። የዚህ ቤት ልጆች ታዲያ ነጯን ወደ ኋላ በመሳብ የታወቁ ናቸው፤ ገመድ እንዳሰሩባት ይመልሷታል። በሌላ ቤት ትክክለኛ ነጭ ሲሰጣቸው ግን ምታቸው ሁሉ አጭር ይሆንባቸዋል።

ሚዛን የሌለው ሰው ሦስት ኳስ ጠርዙን አስነክቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፣ ከላያቸው ቀጥ ያለ ማስመሪያ ያሳርፍ። ማስመሪያው ከመሃለኛዋ ላይ ብርሃን ካሳየ እሷ አልቃለች። ሌላው ምልክት ቀለሙ ነው፤ ርካሹ ኳስ ከጨርቁ ጋር በመፋተግ ነጠብጣብ የመሰለ ቃጠሎ ያወጣል፣ ላዩም ይሻክራል። የሻከረ ኳስ ሲጋጭ ሌላውን ከመንገዱ ያስታል፣ ተጫዋቹም ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና መታጠብ ይበቃዋል። በረኪና ግን አይነካውም፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

ቀን 6፦ ሐረር

ከድሬዳዋ 54 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው፤ አየሩ እንደገና ይቀዘቅዛል። ሐረር ላይ ችግሩ ክፍሉ ነው። ሙሉ ዱላ 1.47 ሜትር ነው። ለስምንት ጫማ ጠረጴዛ በሁሉም ጎን ዱላ ለመዘርጋት ክፍሉ ቢያንስ 5.20 በ4.10 ሜትር መሆን አለበት፣ ክንድ ወደ ኋላ ለመሳብ ደግሞ ሌላ ስንዝር። ከፈረስ መጋላ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት ክፍሉ 4.60 በ3.50 ነበር። በአንድ ጎን ግድግዳው ላይ የዱላ ቂጥ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፣ በሰው ወገብ ከፍታ፣ ሦስት ጣት የሚያስገባ። የዚህ ቤት ተጫዋች ዱላውን ከኋላ ከፍ አድርጎ ከላይ ወደ ታች መምታት ተምሯል። ዱላ ከፍ ብሎ ኳስ ከጎኗ ሲመታ ኳሷ ትታጠፋለች፤ ሌላው የሚፈራውን መታጠፍ እነሱ ተጠቅመው ከፊት የቆመችን ኳስ ዞረው ይመታሉ። ጨርቁ ግን ከዚያ ምት ብዛት በጥቃቅን ነጭ ነጥብ ተሞልቷል፣ ሁለት ቦታም ተቀዷል።

ከሰዓት በኋላ ጨርቅ የሚቀየርለት ይኸው ጠረጴዛ ነበር። ሥራው ለሁለት ሰው ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስድስቱ ጠርዞች ከሥር ብሎናቸው ተፈትቶ ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ቦታ ከተቀያየሩ ብሎኑ አይገጥምምና። አሮጌው ጨርቅ ከተነቀለ በኋላ ጨርቁን የያዘው ሽቦ አንድ በአንድ በጉጠት ይለቀማል፤ አንዲት የቀረች ሽቦ አዲሱን ጨርቅ ከሥር ትቀደዋለች። ለሜዳው 2.60 በ1.50 ሜትር ጨርቅ ይበቃል፣ የጠርዞቹ ስድስት ቁራጮች ለብቻ ናቸው።

የድንጋዮቹ መጋጠሚያ በሰም ይሞላል። የማር ሰም ቀልጦ በመስመሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሳይደርቅ በፊት ለብ እንዳለ በምላጭ ከድንጋዩ ጋር እኩል ይፋቃል። ጄሶ ወይም ስቱኮ ይጠነክራል ግን ጠረጴዛው ሲነቀነቅ ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪውም ከጨርቁ ሥር ጉብታ ይሆናል። የሻማ ሰም ደግሞ ተሰባሪ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ በአንደኛው አጭር ጎን ይመታል፣ ከማዶ በሁለት ሰው እጅ ይሳባል፣ ከዚያ ረጅሞቹ ጎኖች ከመሃል ወደ ጥግ። ከጥግ የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ እጥፋት ይቀርበታል።

አሮጌው ጨርቅ ሲነሣ መሃለኛው ድንጋይ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ተገኘ። ጨርቅ የቀየሩ ሰዎች ቀኑን እየጻፉ አልፈዋል፤ ስም የለበትም፣ ወርና ዓመት ብቻ፣ አንዱ ከሌላው ሥር፦ «ጥር 91»፣ «ነሐሴ 96»፣ «ኅዳር 2003»፣ «ሚያዝያ 2010»። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጎን ቀስት ተሠርቶ «እዚህ ይወርዳል» የሚል አለ፤ ድንጋዩ በዚያ ጎን አንድ ካርታ ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። በውሃ ልክም በኳስም ሲፈተሽ ዛሬም በዚያው ጎን ይወርዳል። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አነበበና ካርታው ይግባ ወይስ ይቅር የሚለውን ከበር ላይ የቆሙትን ተጫዋቾች ጠየቀ። ይቅር አሉ። ጨርቅ ለዋጩ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር የዘንድሮውን ወር ጻፈ፣ ጨርቁንም ከበላዩ መዘርጋት ጀመሩ።